«ይቅር» በአራት ነጥብ

ቁልፉ ከውጭ ቀጭ ሲል ጠመኔ መሰላሉ ላይ ነበረች።

«ቆይ! ሰው አለ! ኧረ ሰው አለ!»

ዘበኛው አልሰሙም። ድሮም በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቀኙም አብሮ ይዘጋል። ኮቴያቸው በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ። ጠመኔ ከመሰላሉ ዘላ ወርዳ በሩን በመዳፏ ደበደበችው፣ በእግሯ መታችው፣ በትከሻዋ ገፋችው። የብረት በር ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

መዝገብ ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም ከጣሪያው ሥር፣ በፍርግርግ ብረት የታጠረ። ከዚያ በተረፈ ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ፋይል ነው። ዘበኛው እስከ ሰባት ሰዓት አይመለሱም። አንድ ሰዓት ሙሉ ከአቧራ ጋር ልትፋጠጥ ነው።

ጥፋቱ የራዲዮ ነው። ራዲዮ የጠመኔ ጓደኛ ናት፤ ጠዋት ስትነሳ ተከፍታ ማታ ስትተኛ ብቻ ስለምትዘጋ ነው እንዲህ ያሏት። ጠመኔ ደግሞ ጠመኔ የተባለችው ቀጭንና ረጅም ስለሆነች፣ የክፍል አለቃ በመሆኗም ኪሷ ጠመኔ ስለማይጠፋው ነው። «መጣሁ፣ ዳቦ ይዤ መጣሁ» ብላ የወጣችው ራዲዮ እስካሁን አልመጣችም።

ሁለቱን አንድ ላይ የመደቧቸው የታሪክ መምህርቷ ናቸው። ተማሪው በሌሉበት «ቲቸር ማነው» ይላቸዋል። በዓለም ላይ አንድ ቃል ይጠላሉ፦ «ተወሰነ»። ጦርነቱ እንዲጀመር ተወሰነ፣ ግንቡ እንዲሠራ ተወሰነ፣ ፈላስፋው መርዝ እንዲጠጣ ተወሰነ ብሎ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመለስለታል። «ማነው የወሰነው?» ይላሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ታሪክ ራሱን በራሱ አይወስንም! አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ሌላም መንገድ እያለው፣ ይኼኛውን መረጠ። ያንን ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ!»

ሁለት ወር ሙሉ ነገሥታቱንና የጦር አዛዦቹን፣ ሊቃውንቱንና ፈላስፎቹን በዚህ ጥያቄ ሲያፋጥጡ ከርመው ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን ዘጉት። «አሁን ደግሞ ከራሳችን ትምህርት ቤት። ሥልጣን የነበረው ሰው የወሰነውን አንድ ውሳኔ አምጡ። ማን ወሰነ? ሌላ ምን መምረጥ ይችል ነበር? ውሳኔው ማንን የት ጣለ?»

ራዲዮ እጇን ለማውጣት አንድ ሰኮንድ አልፈጀባትም። «ቲቸር! የጋሽ ጎማን!»

ጋሽ ጎማ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ብስክሌት ይጠግናሉ። ታሪካቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። የዛሬ አርባ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ፣ ደወሉ ያለበት ሰገነት ላይ ወጥተው ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም አድርገው ደወሉት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ መምህራኑ ሳይቀሩ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እሳቸው ተባረሩ። እናታቸው ማመልከቻ አጽፈው ቢለምኑም ዳይሬክተሩ አልሰሟቸውም። ዳይሬክተሩ የትምህርት ቤቱ መሥራች ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ፎቷቸው ግን ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ዛሬም አርፋጅ ላይ ያፈጣል።

ጋሽ ጎማ ሲቀልዱ «እኔ በደወል ነው የተመረቅኩት» ይላሉ። ተማሪዎች የሒሳብ የቤት ሥራ ሲከብዳቸው ወደ እሳቸው ይሄዳሉ፤ በአንድ እጃቸው መፍቻ እንደያዙ ካርቶን ላይ ጫር ጫር አድርገው ይሠሩላቸዋል። አንዳንዴ ግን አንድ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ እርሳሱን ይመልሱና «እኔ እኮ እዚች ጋ ነው የቀረሁት» ይላሉ። ያኔ አይቀልዱም።

ራዲዮ ለሥራው «የአንድ ሰው ጭካኔ» የሚል ርዕስ ሰጥታው፣ ጋሽ ጎማን ራሳቸውን ለነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ጋብዛለች። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዳይሬክተሩ የእጅ ጽሑፍ። የጠመኔ አያት በዚያ ዘመን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስለነበሩ፣ «የእሳቸው ልጅ ልጅ ናት» ተብሎ መዝገብ ቤት እንድትገባ ተፈቀደላት። ገባች። ተቆለፈባት።

ሌላ ሥራ ስለሌላት የዚያን ዓመት የማመልከቻ ፋይል መሬት ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ወረቀቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። «ልጄ በልጅነት ያጠፋውን ጥፋት ይቅር ይሉልኝ ዘንድ በእንባ እለምናለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማ የለም፤ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከላይ ደግሞ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በአረንጓዴ ቀለም አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

«ይቅር።»

ከነአራት ነጥቡ። ጠመኔ ደግማ አነበበችው። ለአንዲት እናት እንባ «ይቅር፣ ተዪው» ብሎ መመለስ! ራዲዮ እውነቷን ነው። ይኼ ሰውዬ ጨካኝ ነበር።

በሩ ግን አልተከፈተም፤ የሚቀጥለውን ወረቀት አነበበች። ታማ ፈተና ያመለጣት ተማሪ ናት ያመለከተችው። በአረንጓዴ ቀለም፦ «ይቅር።» ከጀርባው የተያያዘው ወረቀት ግን «ተማሪዋ ፈተናውን ወስዳለች» ይላል። የሚቀጥለው የመስኮት መስታወት የሰበረ ልጅ ነው። «ይቅር።» ከጀርባው፦ «ተማሪው ወደ ክፍሉ ተመልሷል።» መምህሩን የተሳደበም ነበር። «ይቅር።» እሱም ተመልሷል። አንዱ ደግሞ ፈረቃ እንዲቀየርለት ጠይቆ ኖሮ በዚያው ቀለም «አልፈቀድኩም» ተብሏል።

ጠመኔ እየተቻኮለች ወደ ደወሉ ልጅ ወረቀት ተመለሰች። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ እንደ ካልሲ ግን ተገለበጠ። ልመናው ይቅር አይደለም። ቅጣቱ ይቅር ነው! ዳይሬክተሩ ምረውታል!

«ታዲያ ማነው…» አለች ጮክ ብላ።

ከጀርባው የተያያዘውን የደብዳቤ ቅጂ ገለጠች። በጽሕፈት መኪና ነው የተመታው። «ልጅዎ ወደ ትምህርት ገበታው እንዲመለስ ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት እንዳያገኝ ተወስኗል።» ተወስኗል! ከሥሩ «ስለ ዳይሬክተሩ» ይልና ፊርማ አለ። ጅራቱን ሁለት ጊዜ የጠቀለለ ፊርማ። ጠመኔ ይህን ፊርማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የወላጅ ፊርማ በሚለው ቦታ፣ ካርዷ ላይ ስታየው ነው ያደገችው። የአያቷ ፊርማ ነው።

ክፍሉ ጠበባት። ቅድም መውጣት ነበር የምትፈልገው፤ አሁን በሩ ተከፍቶ ሰው ፊቷን እንዳያያት ፈራች። ሁለቱን ወረቀቶች ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ከመዝገብ ቤት ወረቀት ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ የክፍል አለቃዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

በሰባት ሰዓት ቁልፉ ቀጭ አለ። ከዘበኛው ኋላ ራዲዮ ዳቦ እየገመጠች ብቅ አለች።

«እንዴ! ተቆልፎብሽ ነው? ሞትኩልሽ በሳቅ! አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም።»

«ኧረ በናትሽ! በቃ ተዪው፣ ጋሽ ጎማ ራሳቸው አሉልን። ሱፍ ሊለብሱ ነው አሉ! አርባ ዓመት ሙሉ የግቢውን በር ረግጠው አያውቁም፣ ነገ በእኛ ምክንያት ሊገቡ ነው። ገባሽ? የጉድ ታሪክ ነው! ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«አቧራው ነው» አለች ጠመኔ። ሁለተኛ ውሸቷ ነበር።

ቤት ስትደርስ አያቷ ግቢ ውስጥ ብስክሌታቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እናቷ ሥራ ስለምትውል ጠመኔን ያሳደጓትም፣ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው። ማመልከቻ የሚጽፍለት ወይም ውል የሚያነብለት ያጣ የሰፈሩ ሰው ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። «እሳቸው ካነበቡት በቃ፣ አንዲት ፊደል አታመልጣቸውም» ይባላል። ጠመኔ ይህን ስትሰማ አንገቷ በሁለት ጣት ይረዝም ነበር።

«መጣሽ የኔ እናት? የኋላዋ ጎማ ትተነፍሳለች። ነገ ስታልፊ ለዚያ ልጅ ታደርሺልኛለሽ።»

ያ ልጅ ማለት ጋሽ ጎማ ናቸው። ሃምሳ አምስት ዓመት ደፍነውም ለአያቷ ያ ልጅ ናቸው። ብስክሌቱን ሁልጊዜ የምትወስደው ጠመኔ ናት፤ ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

«አባባ፣ ለምን እርስዎ አይወስዱትም?»

ጨርቁ ቆመ። «እግሬ እንደድሮው መሰለሽ?»

«ገበያ ደርሰው ይመለሱ የለም እንዴ!»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። ወረቀቶቹን አውጥታ ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻቸው። አያቷ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ሳያነቡት አወቁት።

«ከየት አመጣሽው?»

«እርስዎ ካስቀመጡበት።»

አያቷ የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ጨርቁን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ።

«ያን ቀን ብዙ ወረቀት ነበር የወረደልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ትምህርት ቤቱን ሙሉ ያሳበደ ነው። ‹ማን ይምረዋል?› ብዬ አሰብኩ። ይቅር ሲል ልመናው ይቅር ብዬ አነበብኩት። ደብዳቤውን መታሁ፣ ላክሁት። ሁለት ቀን ቆይቶ ነገሩ ከነከነኝ። ሌሎቹን ወረቀቶች አየኋቸው።»

«እኔም አየኋቸው።»

«ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አሥራ ሁለት ነው። ወጥቼ ‹ጌታዬ፣ የትኛው ይቅር ነው?› ልላቸው ተነሳሁ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማንበብ የማይችል ጸሐፊ ሊሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ፊት ሰው ሁሉ ይርድ ነበር፣ ልጄ። ተመለስኩ።»

«እሳቸውስ? ልጁ የት ሄደ ብለው አልጠየቁም?»

አያቷ ጨርቁን ያዙት። «ጠየቁኝ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ‹ያ ባለ ደወሉ ልጅ ተመለሰ?› አሉኝ። ‹አልመጣም› አልኳቸው።» ጨርቁን ጭናቸው ላይ ጣሉና «ውሸት አልነበረም። አልመጣም ነበር» አሉ።

ጠመኔ እንባዋ መጣ። ተናዳ ነው፣ አፍራ ነው፣ አያቷንም አሳዝነዋት ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ። «ነገ እሳቸው ክፍላችን ይመጣሉ፣ አባባ! እኔ ፊታቸው ቆሜ ዳይሬክተሩ ጨካኝ ነበሩ ልል ነው። ካልኩ ውሸታም ነኝ። ካላልኩ ደግሞ እርስዎን…»

«እኔ አንድ ሁለት ዓመት ቢቀረኝ ነው» አሉ አያቷ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ስሄድ የፈለግሽውን ትናገሪያለሽ። እስከዚያ ግን… ይቅር፣ ልጄ።»

«የትኛው ይቅር?»

ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጣት። አያቷ ቀና ብለው አዩዋት። አርባ ዓመት ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ የቀረ ጥያቄ ነበር። ይመልሱላት ይሆናል ብላ ጠበቀች። አያቷ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ማታ ወረቀቶቹን ከኮርቻው ላይ አንስታ፣ ደብተሯን ከፍታ ተቀመጠች። «ተማሪው እንዲባረር ተወሰነ» ብላ ጻፈች። እንዴት ያለ ምቹ ቃል ነው! ማንም አይታይበትም፤ ዳይሬክተሩም፣ አያቷም፣ እሷም። ቲቸር ማነው ለምን እንደሚጠሉት ያኔ ገባት። ሰረዘችው። ሌላ ግን አልመጣላትም።

ጠዋት የአያቷ በር እንደተዘጋ ነበር። ብስክሌቱን ሳትነካው ወጣች።

ጋሽ ጎማ ሱቃቸውን ከፍተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቡናማ ሱፍ ለብሰዋል፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ጥፍራቸው ሥር ለዓመታት የኖረው ግራሶ የለም። ጣቶቻቸው ተፈትገው ቀልተዋል።

«እንዴት አደርሽ የኔ መሐንዲስ! በጋዝ ነው ያጠብኩት፤ ይሸታል እንዴ?»

«አይሸትም፣ ጋሼ።» ይሸት ነበር።

«ሳልዋሽሽ ፈርቻለሁ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ ቢለኝስ? ያ ፎቶግራፍ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አለ አሉ። ምን ብዬ ነው የማየው?»

ጠመኔ መንገዱን ተሻግራ ክፍል መግባት ትችል ነበር። ራዲዮ ታወራለች፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ጋሽ ጎማም ለሁለተኛ ጊዜ ያልተባሉትን ሰምተው ይወጣሉ። ወይም እዚያው፣ አርባ ተማሪ ፊት፣ እውነቱን ልታፈነዳው ትችላለች። ሁለቱንም አልፈለገችም። ይህ ነገር የእሳቸው ነው፤ ከማንም በፊት እሳቸው ሊያዩት ይገባል።

«ጋሼ፣ ክፍል ከመግባትዎ በፊት የሚያነቡት ነገር አለ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ከፀሐዩ ጋር አስተካከሉት። መጀመሪያ ያዩት ጽሑፉን አልነበረም፤ አሻራውን ነው። በቀላው ጣታቸው ዳሰሱት።

«የእናቴ ጣት ናት» አሉ። ቀጥለው አረንጓዴውን ቃል አዩ። «ይኸዋ። ይቅር ብለዋላ።»

«የሌሎቹን ልንገርዎት» አለች ጠመኔ። ፈተና ስላመለጣት ልጅ፣ መስታወት ስለሰበረው፣ መምህሩን ስለተሳደበው ነገረቻቸው። ሁሉም ላይ «ይቅር» እንደተባለ፣ ሁሉም እንደተመለሱ። ጋሽ ጎማ ሒሳብ አዋቂ ናቸው፤ ሦስተኛውን ሳትጨርስ ደረሱበት። ቃሉን እንደገና አነበቡት። መጀመሪያ አርባ ዓመት እንደኖሩበት፣ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ «ይቅር» አሉ። ሁለተኛው ግን ቀስ ብሎ ወጣ።

«ይቅር… ምረውኝ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማነው ያነበበው?»

«ተሳስቶ ነው የተነበበው» የሚለው መልስ አፏ ላይ ነበር። ውሸት አይደለም። ማንም አይታይበትም። ጠመኔ ዋጠችው።

«አያቴ ናቸው» አለች። «አያቴ ናቸው ተሳስተው ያነበቡት። ከሁለት ቀን በኋላ መሳሳታቸውን አወቁ። ዝም አሉ። እስከ ትናንት ዝም አሉ።»

ጋሽ ጎማ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ይጮሃሉ ብላ ጠበቀች። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«ያን ቀን ደወሉን ስደውል አያትሽ ሻይ ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ደንግጠው ልብሳቸው ላይ ደፉት። አርባ ዓመት ሙሉ ብስክሌቷን አንዴ በእናትሽ፣ አንዴ በአንቺ ሲልኩብኝ፣ በዚያች ሻይ ተቀይመውኝ ይሆናል፣ አንድ ቀን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ…»

ጠመኔ አለቀሰች። ጋሽ ጎማ አላለቀሱም፤ የሱፋቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉት።

«ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«እንግዲያው ብስክሌቷን ራሳቸው ያምጧት በያቸው።»

«ከዚያ ክፍል ይገባሉ?»

«እሱን አላውቅም። መጀመሪያ ብስክሌቷን ያምጧት።»

ደወሉ ተደወለ፤ ያው የድሮው ደወል። ከበሩ ውስጥ ራዲዮ ሁለት እጇን እያወናጨፈች ትጮሃለች፦ «አንቺ! ሊዘጋብሽ ነው! ነይ እንጂ!» ጠመኔ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም፤ የአርፋጆችን ስም የምትመዘግበው ራሷ ናት። ወረቀቱን ጋሽ ጎማ ጉልበት ላይ ትታ ተነሳች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ።

«ኧረ ወዴት ነሽ?» አለች ራዲዮ።

«አያቴን ላመጣ!»